«የሆድ ፖሊስ»፦ አንድ የማስተማሪያ ምሳሌ ሲመረመር

የሕክምና ተማሪ ስለ ሞራ አስቀድሞ የሚሰማው «የሆድ ፖሊስ» መባሉን ነው። ምሳሌውን በሃያኛው መቶ ዘመን መባቻ ያስለመደው እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ራዘርፎርድ ሞሪሰን ነበር። ለማስታወስ ቀላል በመሆኑም ከመምህር ወደ ተማሪ ሲወራረስ ኖሯል።

ምሳሌው እውነት የለውም አይባልም። በሞራ ላይ የሚገኙት ወተታማ ነጠብጣቦች የማክሮፌጅና የሊምፎሳይት ክምችቶች ናቸው፤ ባክቴሪያ ሲገባ ይውጣሉ፣ ሌሎች ሕዋሳትንም ይጠራሉ። የተበሳ ትርፍ አንጀት በሞራ ተሸፍኖ ያየ ሐኪም ይህን አይክድም።

ይሁን እንጂ ምሳሌው ሁለት ጉድለቶች አሉበት። አንደኛ፣ ሞራ በራሱ አይጓዝም፤ የሚያንቀሳቅሱት አንጀትና የአተነፋፈስ እንቅስቃሴ ናቸው። ሁለተኛውና የሚከፋው፣ ፖሊስ ጥፋተኛውን ይዞ ሰላም ያሰፍናል የሚል ተስፋ ማሳደሩ ነው። ማክሮፌጅ ሊፈጨው የማይችለው ባዕድ ነገር ሲገጥመው ከመሰሎቹ ጋር ተዋሕዶ ግዙፍ ሕዋስ ይሆናል፤ በዙሪያውም ጠባሳ ይበቅላል። እ.ኤ.አ. በ2021 በአይጦች ላይ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በሆድ ዕቃ ፈሳሽ ውስጥ የሚንሳፈፉ ማክሮፌጆች በቁስል ላይ እንደ ፕላትሌት ተጠራቅመው ይደፍኑታል፤ ክምችቱ ሲበዛ ግን መጣበቅን ያስከትላል። መጣበቅ ደግሞ አንጀት ይዘጋል፣ ሴቶችንም ለመካንነት ሊዳርግ ይችላል።

የጓንት ዱቄት ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። ታልክ በሆድ ውስጥ ግራኑሎማ እንደሚፈጥር ሲታወቅ በበቆሎ ስታርች ተተካ፤ ስታርቹም ያንኑ ጉዳት አመጣ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ዱቄት ያለበትን ጓንት ያገደው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 ሲሆን፣ እገዳው የጸናው በጥር 2017 ነው። የዘገየው በምሳሌው ምክንያት ነው አልልም፤ ነገር ግን «ፖሊሱ ያጸዳዋል» ተብሎ የተማረ እጅ ጓንቱን ለማጠብ፣ ጎዙንም ደግሞ ለመቁጠር አይቸኩልም።

ስለዚህ መምህራን ምሳሌውን ሲጠቅሱ ወሰኑንም አብረው ቢያስተምሩ መልካም ነው። በአገራችን ሞራ ገላጭ ከታረደው ከብት ሞራ መጪውን ያነብ ነበር። ሐኪም በሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ሆዱን ሲከፍት ከሞራው የሚያነበው ግን ያለፈውን ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ምን ትተን እንደ ወጣን።