ከግላሱ ሥር

የአምቦ መንገድ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አቋርጦ ያልፋል። አምቦ ሄጄ ነበር ያለ ሰው የሚጠየቀው ስለ ጠበሉና ስለ ጋዙ ውሃ ነው። እኔ ገበያ ቀን ካጋጠመኝ ፈረስ አያለሁ፤ ከፈረሱም ኮርቻውን።

ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ኮርቻውን በሚሸፍነው ግላስ ላይ ነው። ቀይ፣ አረንጓዴና ቢጫ ክር፣ ከዳሩ የተንጠለጠለ ዘርፍ። ያምራል። ሻጩ ከፈቀደ ግን ግላሱን ገልጦ፣ ኮርቻውን ገልብጦ ማየት ነው።

ውስጡ እንጨት ነው። ሁለት ሰሌዳ በፈረሱ ጀርባ ላይ ግራና ቀኝ ይተኛል። ከፊትና ከኋላ ሁለት ቅስት እንጨቶች ያያይዟቸዋል። በሰሌዳዎቹ መካከል ክፍተት አለ። አከርካሪው የሚውለው በዚያ ክፍተት ሥር ነው፤ የሰውየው ክብደት የሚያርፈው ግራና ቀኝ ባለው ሥጋ ላይ ነው። ነፋስም ያልፍበታል። ክፍተቱ ከጠበበ ፈረሱ ይገጠባል፤ ከሰፋ ኮርቻው ይሰምጥና ቅስቱ አጥንት ይነካል። ገጣባ ፈረስ ደግሞ ገበያ ላይ ማን ዞር ብሎ ያየዋል?

ሚስማር የለውም። እንጨቱ ጠርዝ ጠርዙን ይበሳል፤ ጠፍር በቀዳዳው ይገባል፣ ይወጣል፣ ይሳባል። ከዚያ ውሃ ጠጥቶ የለሰለሰ ጥሬ ቆዳ ይለብሳል፤ እርጥብ እንዳለ በወስፌ እየተበሳ ይሰፋል። የቀረውን ሥራ ቆዳው ራሱ ይጨርሰዋል። ሲደርቅ ይኮማተራል፣ እንጨቱን ጨምድዶ ይይዛል። የሚደርቀውም ጥላ ላይ፣ ቀስ ብሎ ነው። ሚስማር ቢሆን በየግልቢያው እየላላ ይሄዳል፤ ጠፍር ግን ከእንጨቱ ጋር ትንሽ ይለጠጥና ይመለሳል።

ስፌቱን ጠጋ ብዬ አየሁት። ሰሌዳው ላይ ራቅ ራቅ ያለ ነው፤ ወደ ፊት ቅስቱ ሲደርስ ይቀራረባል። ጭነቱ የሚበረታው እዚያ ነዋ። ከጣት ስፋት በቀር ሌላ መለኪያ የለም።

ቅስቶቹ ለምን ከፍ እንዳሉ ወንጪ ተራራ ላይ ይገባል። ከአፋፉ ወደ ሐይቁ ሲወረድ ቁልቁለቱ ፈረሰኛውን ወደ ፈረሱ አንገት ይገፋዋል፤ ሲመለስ ዳገቱ ወደ ኋላ ይስበዋል። ፊትና ኋላ ያሉት ቅስቶች በየተራ ይይዙታል። ኮርቻውን ራሱን ቁልቁለት ላይ የሚይዘው ከጅራቱ ሥር የሚያልፈው ጠፍር ነው፤ ዳገት ላይ የደረቱ።

የድሮው እርካብ የእግር አውራ ጣት ብቻ የሚገባበት ትንሽ የብረት ቀለበት ነበር፤ ፈረሰኛው በባዶ እግሩ ይጋልባልና። ጫማ መጥቶ እርካቡ ሰፋ። እኔ የድሮውን እወደዋለሁ፣ ያልለመደ ግን ባይሞክረው ይሻላል።

ገዢው ለግላሱ አይቸኩልም። ፊትና ኋላውን ይዞ ያጣምመዋል፣ ጆሮውን ያስጠጋል። ከጮኸ ይመልሰዋል። ካልጮኸ ድብዳብ ሳያደርግ በፈረሱ ጀርባ ላይ ያስቀምጠውና እጁን በክፍተቱ ከፊት ወደ ኋላ ይሰዳል። እጁ ሳይነካካ ካለፈ ዋጋ ይጠይቃል።