ግሥላዋን ማን አሰራት?
ስለ «ካት ፒፕል» ፊልም አጭር ሂስ

«አስፈሪ» ተብሎ የተሠራ ፊልም ሌላው ቢቀር ማስፈራት አለበት። ፖል ሽሬደር በ1982 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው «ካት ፒፕል» (ድመት ሰዎች እንበለው) ግን በ118 ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳስደነገጠን ብንቆጥር የአንድ እጅ ጣት እንኳ አልሞላልን። ይህን የምንለው ለማጣጣል ብቻ አይደለም። ከእርሱ 40 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1942፣ ዣክ ቱርኑር አዘጋጅቶት ቫል ሉተን ያቀረበው ያው ስም ያለው ፊልም በ73 ደቂቃ የሠራውን ይህኛው በዚያ ሁሉ ቀለምና ደም ለምን አልቻለም? ጥያቄያችን ይኸው ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ኢሬና (ናስታሲያ ኪንስኪ) ተለያይተው የኖሩትን ወንድሟን ፖልን (ማልኮም ማክዳውል) ለማግኘት ኒው ኦርሊንስ ትመጣለች። ዘራቸው ከሰው መሀል ተደብቆ የሚኖር የግሥላ ዘር ኖሯል። ከዘራቸው ውጭ ካለ ሰው ጋር ከተኙ አውሬ ይሆናሉ፤ ተመልሰው ሰው ለመሆን ነፍስ ማጥፋት ግድ ነው። እሷ ደግሞ የወደደችው የመካነ አራዊቱን ሹም ኦሊቨርን ነው። በቃ፣ ፍቅሩ ሳይጀመር ተፈርዶበታል።

ጉዱ ታዲያ ፊልሙ ይህን ሁሉ በአፉ መናገሩ ነው። ወንድምየው ሕጉን ዘርዝሮ ያስረዳታል፤ ከዚያ በኋላ ለእኛ ምን ቀረልን? በ1942ቱ ፊልም አሊስ የተባለችው ሴት በጨለማ ብቻዋን መዋኛ ገንዳ ውስጥ ሳለች የምናየው ግድግዳው ላይ የሚርገበገብ የውሃ ጥላ ነው፤ የምንሰማውም ጉርምርምታ። መብራት ሲበራ ኢሬና ቆማለች። የአሊስ ካባ ግን ተቦጫጭቆ ይገኛል። ሌላ ምንም የለም፤ ግን ያ ካባ! ሽሬደር ይህንኑ ትዕይንት ደግሞት የጨመረው የአሊስን ራቁት ደረት ነው። ምን ይሁን ነው?

እንዳንበድል፣ ኪንስኪ ጥሩ ተጫውታለች። የጆርጆ ሞሮደር ሙዚቃና ዴቪድ ቦዊ የዘፈነው ዘፈንም ከፊልሙ ይበልጣሉ። ውበት አላነሰውም። ያነሰው ጥርጣሬ ነው። የፊተኛዋ ኢሬና (ሲሞን ሲሞን) ባሏን ለመሳም ትፈራለች፤ ባልየው ነገሩን የሰርቢያ መንደር ተረት አድርጎት ወደ አእምሮ ሐኪም ይልካታል። እኛም እውነት ይሁን በሽታ እያልን ብዙ መንገድ አብረናት እንሄዳለን። ትዳሩን ያፈረሰው አውሬው ነው ወይስ የሚያምናት መጥፋቱ? ሁለቱንም ማለት ይቻላል።

በ1982ቱ መጨረሻ ላይ ግን እርስ በርሳችን ተከራክረናል። ኦሊቨር በራሷ ልመና እጅና እግሯን ከአልጋው ጋር አስሮ አብሯት ይተኛል፤ ግሥላ ትሆናለች፤ በኋላም መካነ አራዊቱ በረት ውስጥ ሆና እሱ በእጁ ሲያበላት እናያለን። ከመካከላችን አንዳንዶቹ «ደፋር አጨራረስ ነው፣ መሥዋዕትነት ነው» አሉ። ብዙዎቻችን አልተዋጠልንም። እርግጥ የለመነችው እሷ ናት። አፍቃሪውና የአራዊት ጠባቂው አንድ ሰው ሲሆኑ ግን ቁልፉ በማን ኪስ ነው ያለው? ከሁሉ የሚያስፈራው ነገር እዚህ ጋ ነበር፤ ሽሬደር ደጃፉ ድረስ መጥቶ በሙዚቃ አለፈው። ኦሊቨር የግሥላዋን አንገት ሲዳብስ ፊልሙ ለእሱ እንድናዝን ይፈልጋል።

የ1942ቷ ኢሬና እንኳ ቆስላ፣ የሰረቀችው ቁልፍ በእጇ ሆኖ፣ የግሥላውን በረት ራሷ ከፍታ ነው የሞተችው።