ነጩ ውስጥ ያለው ክር

ጓደኛዬ ዳኞች ለሚመርጡት የኢንተርኔት ጋለሪ አንዲት ፎቶግራፍ ለመላክ ሦስት ምሽት ፈጅቶበታል። ሦስቱንም ምሽት አጠገቡ ነበርኩ። ፎቶዋ የተነሳችው ሽሮ ሜዳ ነው። አንድ አዛውንት ሸማኔ እግራቸውን ከጉድጓዱ ሰድደው፣ መወርወሪያውን በቀኝ እጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል። በመስኮት የሚገባው ብርሃን የፊታቸውን ግማሽ አብርቶ ግማሹን ለጥላ ትቶታል። ከፊታቸው ነጠላው ተወጥሯል።

ጥቁር ፊትና ነጭ ነጠላ ባንድ ላይ ለማንሳት የሞከረ ሰው ጣጣውን ያውቀዋል። የካሜራ የብርሃን መለኪያ ነጭን ነጭ ብሎ አያውቅም፤ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ይጎትታል። ነጠላው ሰፊ ቦታ ሲይዝ ፎቶው ይጨልማል፣ ነጠላው ያልታጠበ ይመስላል፣ ፊትማ ጭራሽ ይጠፋል። ለፊቱ ብለው ብርሃን ሲጨምሩለት ደግሞ ነጠላው ይቃጠልና ወረቀት ይሆናል። በየሠርጉ አልበም የምናየው፣ ጥለቱ ብቻ የቀረለት የሐበሻ ቀሚስ የዚህ ውጤት ነው።

በጄፔግ ፋይል እያንዳንዱ ቀለም ከ0 እስከ 255 ባለ ደረጃ ይለካል። 255 የደረሰ ነጭ ባዶ ነው፤ ቢለምኑትም ክር አይሰጥም። የዚህች ፎቶ ነጠላ ግን 250 ላይ ቆሟል። በሙሉ መጠኗ ከፍቼ አየኋት። ድሩ የፋብሪካ ክር ነውና እኩል እኩል ይሄዳል፤ ማጉ በእጅ የተፈተለ ስለሆነ አንድ ቦታ ይወፍራል፣ አንድ ቦታ ይቀጥናል። የፈተለችው ሴት ጣት ፋታ የወሰደበት ቦታ ሳይቀር የሚታይ መሰለኝ።

ጓደኛዬ ሲያነሳ ያሰበው ለነጠላው ነበር። ፊቱን ለጥላው አደራ ሰጥቶ ቤቱ ሲገባ አወጣው። ካሜራው የሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል 14 ቢት በመሆኑ 16,384 ደረጃ ይይዛል፤ የጨለመ የሚመስል ፊት ከዚያ ይመዘዛል። ደስ ያለኝ እስከ የት እንዳወጣው ነው። አንሰል አዳምስና ፍሬድ አርቸር እ.ኤ.አ. በ1940 ገደማ ባዘጋጁት የብርሃን እርከን፣ ከ0 እስከ 10 ከሚቆጠረው ውስጥ፣ የነጭ ሰው ፊት ስድስተኛው ላይ ይቀመጣል። ብዙ ጀማሪ የሁሉንም ሰው ፊት ወደዚያው ይገፋል፤ ጥቁሩም ፊት አመድ የተነፋበት ይመስላል። ጓደኛዬ ግንባሩንና ጉንጩን ብቻ ጥቂት ነካ አድርጎ አራተኛው ላይ ተወው። ከቅንድቡ ሥር ያለውን ጥላ አልነካውም። ሰውዬው ጥቁር ናቸው፣ ጥቁር ሆነው ያምራሉ።

በፎቶዋ ከላይ በኩል የአምፖል ሽቦ ተንጠልጥሏል። አንድ ጊዜ ጠቅ ቢደረግ ይጠፋል። ወርልድ ፕሬስ ፎቶን በመሰለ ውድድር ፎቶ ላይ ነገር መጨመርም መቀነስም ክልክል ነው፤ ወደ መጨረሻው የተጠጋ ተወዳዳሪ ጥሬ ፋይሉን ያስረክባል። ቢሾፍቱ አጠገብ በወደቀው አውሮፕላን የደረሰውን ሐዘን ያነሳው ሙሉጌታ አየነ፣ ለእ.ኤ.አ. 2020 የዓመቱ ፎቶግራፍ ከመታጨቱ በፊት ያለፈው በዚህ ወንፊት ነው። ጓደኛዬ የሚልክበት ጋለሪ ይህን ያህል አይጠብቅም። እሱ ግን ሽቦውን አላጠፋም። ፎቶዋን ከግራ በኩል ትንሽ ቆረጣትና ሽቦው ከተወጠረው ድር ጋር ባንድ አቅጣጫ መውረዱ ጎልቶ ታየ። አሁን አንድ ድር ከጣራ የመጣ ይመስላል።

ቀለሙን ኢንተርኔት ወደለመደው ኤስአርጂቢ መቀየር፣ የፋይሉን ክብደት መጠበቅ፣ ቅጽ መሙላት፤ ይህ የጸሐፊ ሥራ ነው። ሦስተኛው ምሽት የሄደው ግን በማሳነሱ ነው። እንዲህ የደቀቀ ሽመና ሲያንስ ክሮቹ ከስክሪኑ ነጥቦች ጋር ይጣሉና ጨርቁ ላይ የሌለ ሞገድ ይፈጠራል፤ ሞይሬ ይሉታል። ዳኛ መጀመሪያ የሚያየው ደግሞ አውራ ጣት የምታክለውን ምስል ነው። ጓደኛዬ ከማሳነሱ በፊት ነጠላውን ብቻ በጥቂቱ አለዘበው፤ ካሳነሰ በኋላ ፊቱንና እጁን አጠራ፣ ነጠላውን ዘለለው። ሞገዱ ጠፋ። አሥራ አንድ ጊዜ ሞክሯል፤ ሁለቴ ቡና አፍልቻለሁ።

ለርእሱ መጀመሪያ «የትዕግሥት ድር» ብሎ ነበር። ሳቅኩበት። ሰርዞ «ሽሮ ሜዳ» አለው።

መልሱ ሳይመጣ፣ ያላነሰውን ፋይል በስልክ ይዘን ሽሮ ሜዳ ወጣን። «አባባ፣ ይኸው ፎቶዎት» አላቸው። አዛውንቱ እጃቸውን ጠረጉና ስልኩን ተቀበሉ። በሁለት ጣታቸው እያሰፉ የራሳቸውን ፊት አልፈው ቀጥታ ወደ ነጠላው ወረዱ። ብዙ ቆዩ።

«ይቺ ጋ ክር ተበጥሶብኝ ቀጥያለሁ» አሉ።

ጎንበስ ብለን አየን። ቋጠሮዋ አለች፣ ከነጥላዋ። ሦስት ምሽት ሙሉ አላየናትም።