የግልባጩ ባለቤት ማን ነው?

“መጽሐፍ በወረቀት ይነበብ ወይስ በስክሪን?” የሚለው ሙግት በየመድረኩ ደጋግሞ ይነሣል። አንደኛው ወገን የወረቀቱን ሽታና የመደርደሪያውን ሞገስ ይቆጥራል፤ ሌላው ሺህ መጽሐፍ በኪስ መያዙን፣ ፊደሉንም እንደ ዓይን አቅም ማሳደግ መቻሉን ያነሣል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ዳሩ ግን ሙግቱ ከባሕር ማዶ ተሰፍቶ የመጣ ልብስ ነው፤ ልኩም ሁለቱ ዕቃዎች በእጁ ላሉለትና መምረጥ ለሚችል አንባቢ ነው። ለአማርኛ አንባቢ ሰፍቶም ጠቦም ይታያል።

ነገሩን ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጎጃም መንገድ ላይ ከምትገኘው ከጫንጮ ሆነን እንየው። የጫንጮ አንባቢ አንድ የቆየ ልብ ወለድ ቢያሻው ዋናው የመጻሕፍት ገበያ ያለው አዲስ አበባ ነው። ሱሉልታን አልፎ፣ በአዲሱ ገበያ ገብቶ፣ እስከ ብሔራዊ ቴአትር ወይም እስከ መርካቶ ይወርዳል። የደርሶ መልስ ታሪፉና የባከነው ቀን በመጽሐፉ ዋጋ ላይ ይደመራል። ያም ሆኖ መጽሐፉ ከገበያ ጠፍቶ ሊጠብቀው ይችላል። ስልኩን ከፍቶ በቴሌግራም ርዕሱን ቢጽፍ ግን ብዙ ጊዜ ያለ ምንም ክፍያ ይመጣለታል። ይህን ሰው “ወረቀት ይሻልሃል” ማለት የጠገበ ሰው ምክር ነው።

ለመሆኑ የመጣለት ምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ የመጣለት የመጽሐፍ ፎቶግራፍ ነው። አንድ ሰው የታተመውን ቅጂ ገጽ በገጽ ስካን አድርጎ፣ በፒዲኤፍ አስሮ ለቆታል። ፎቶግራፍ በመሆኑም የስክሪን ንባብ ከተመሰገነባቸው በጎ ነገሮች አብዛኞቹን አያውቃቸውም። ፊደሉን ላሳድግ ቢሉ ገጹ በሙሉ ያድጋል፤ መሥመሩ ከስልኩ ጠርዝ ይወጣል፤ አንባቢውም እያንዳንዱን መሥመር በጣቱ ወደ ቀኝና ወደ ግራ እየገፋ ያነብባል። “ፍቅር እስከ መቃብር”ን የመሰለ ከ500 ገጽ በላይ የሆነ ልብ ወለድ በዚህ መንገድ መዝለቅ ንባብ ሳይሆን የጉልበት ሥራ ነው። አንድ ቃል ልፈልግ ቢሉም ማሽኑ የሚያየው ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ እንጂ ፊደል አይደለም።

እዚህ የደረስነው በአጋጣሚ አይደለም። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር የራሱ የፊደል አቀማመጥ ስለ ነበረው በአንዱ የተተየበ ጽሑፍ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2007 አማዞን ኪንድልን በ399 ዶላር ለገበያ ሲያቀርብም ዕቃው የላቲን ፊደል እንጂ የግዕዝ ፊደል አልነበረውም። በጫንጮ ዓይን ስናየው ነገሩ ይበልጥ ይደንቃል፤ በቁቤ የሚጻፈውን ኦሮምኛ ያ ዕቃ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማሳየት ይችል ነበር። ጎረቤቱን አማርኛን ግን አያውቀውም።

የኪንድል ዓይነቱ ዕቃ ያለ ምክንያት አልተወደደም። ስክሪኑ እንደ ስልክ ብርሃን ወደ ዓይን አይረጭም፤ እንደ ወረቀት በውጭ ብርሃን ይነበባል፤ ገጽ ሲገለበጥ እንጂ ቆሞ ሲነበብ ባትሪ አይበላም። መብራት ለሚቆራረጥበት አገር ተስማሚ ነው። የጎደለው በሥርዓት የተተየበና የታረመ የአማርኛ መጽሐፍ ነው።

የበዓሉ ግርማን “ኦሮማይ” እንውሰድ። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ በዓሉም በ1976 ዓ.ም. ደብዛው ጠፋ። መጽሐፉ በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ሲወጣ የለንደን ወይም የኒው ዮርክ አንባቢ በወረቀትም በኤሌክትሮኒክም ከአሳታሚው በሕጋዊ መንገድ የሚገዛው ሆነ። መጽሐፉ በተጻፈበት ቋንቋ ያለው አንባቢ ግን በስልኩ የሚያገኘው ማን እንዳነሣው የማይታወቅ ፎቶግራፍ ነው። የራሳችንን መጽሐፍ ባዕድ በክብር ያነብበዋል፤ እኛ በስርቆሽ በር እንገባለን።

እንግዲህ ጥያቄው ስለ ግልባጭ ነው። መገልበጥ በእኛ ዘንድ ነውር ሆኖ አያውቅም፤ የብራና መጻሕፍታችን እስከ ዛሬ የደረሱት በመገልበጥ ነው። ሆኖም ቁም ጸሐፊው ብዙ ጊዜ ስሙንና ያስጻፈውን ሰው ስም ይጽፍ ነበር፤ የሰረቀውና የፋቀው የተወገዘ እንዲሆን ማስፈራሪያም ይጨመርበታል። ግልባጩ ባለቤትና ተጠያቂ ነበረው። በ1960ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራም ከ8,000 በላይ የብራና መጻሕፍት በፊልም ተነሥተዋል፤ ቅጂዎቹ በሚኒሶታ ሲቀመጡ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ዕድሜያቸውን ከሰጧቸው ሥራዎች አንዱ እነዚህን መዘርዘርና መግለጽ ነበር። ያም ፎቶግራፍ ነው። ግን ቁጥር አለው፤ ከየት እንደ ተነሣ ይታወቃል፤ የጎደለው ቅጠል ጎደለ ተብሎ ተጽፏል። “ፍቅር እስከ መቃብር”ም ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ከወረቀት ወጥቷል፤ ሲወጣ ግን የደራሲው ስምም የተራኪው ስምም አብሮት ወጣ።

በቴሌግራም የሚዞረው ግልባጭ ይህ የለውም። የሽፋኑ ጀርባ ስለሚዘለል የትኛው እትም እንደ ሆነ አይታወቅ፤ ሁለት ገጽ ቢዘለል አንባቢው ደራሲው ዘባረቀ ብሎ ያልፋል። ደራሲውም አንዲት ሳንቲም አያገኝም። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት አዋጁ በወጣበት በ1996 ዓ.ም. ነውና የእርሳቸው ሥራ እንኳ እስከ 2046 ዓ.ም. ገደማ ባለመብት አለው። ዛሬ የሚጽፈው ወጣትማ ምን ተስፋ አለው? መጽሐፉ በወጣ በሳምንቱ በነጻ ከተበተነ ሁለተኛውን መጽሐፍ በምን ጉልበት ይጽፈዋል?

ጣት ግን በአንባቢው ላይ ብቻ አይቀሰርም። የሚከፍልበት በር ሳይከፈትለት “ሌባ” መባሉ ግፍ ነው። በኮምፒዩተር የተዘጋጀ መጽሐፍ ሁሉ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት የተተየበ ፋይል ነበር። አሳታሚው ያንን ፋይል አርሞ፣ የጫንጮ ታሪፍ በማይደርስበት ዋጋ በስልክ ክፍያ ቢሸጠው የተደበዘዘውን ፎቶግራፍ የሚመርጥ ጥቂት ነው። በእርሳስ ፊደል የታተሙት የቀድሞዎቹም እንደገና ይተየቡ፤ አራሚ ይመደብላቸው፤ የአራሚውም ስም ይጻፍ።

አንባቢም ድርሻ አለው። የሚወድደውንና ደጋግሞ የሚመለስበትን መጽሐፍ፣ በተለይ በሕይወት ያለ ደራሲን፣ በወረቀት ይግዛ፤ የታተመው መጽሐፍ ዛሬም ለአማርኛ ደራሲ ከሁሉ የታመነው የገቢ በር ነው። ከገበያ የጠፋውን በስልኩ ቢያነብም የትኛው እትም እንደ ሆነ ይጠይቅ። የመጽሐፍ ክብሩ በብራናም፣ በወረቀትም፣ በስክሪንም አንድ ነው፤ “ይህን እኔ ገለበጥሁት፤ ስሕተት ቢገኝ ተጠያቂው እኔ ነኝ” የሚል ሰው ከጀርባው መቆሙ ነው።