የልጅነት መከራና የወጣቶች ሱስ፦ የአንድ ጥናት ግምገማ

ዶክተር ቪንሰንት ፌሊቲና ዶክተር ሮበርት አንዳ ከባልደረቦቻቸው ጋር በአሜሪካ፣ በሳን ዲዬጎ ከተማ አካሂደው በ1998 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት፣ የልጅነት መከራ ከሱስ ጋር ስላለው ግንኙነት ለሚደረገው ውይይት ዋና መነሻ ሆኗል። መጠይቁን የመለሱት 9,508 ጎልማሶች ሲሆኑ፣ የተጠየቁትም ስለ 7 ዓይነት መከራ ነው፤ ይኸውም ድብደባ፣ ስድብና ማስፈራራት፣ ወሲባዊ ጥቃት፣ በእናት ላይ የሚፈጸም ዱላ፣ እንዲሁም ከሱሰኛ፣ ከአእምሮ ሕመምተኛ ወይም ታስሮ ከሚያውቅ ቤተሰብ ጋር ማደግ ነው። 4 እና ከዚያ በላይ የደረሰባቸው፣ ምንም ካልደረሰባቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ ለመጠጥና ለአደንዛዥ ዕፅ ሱስ፣ ለመንፈስ ጭንቀትና ራስን ለመግደል ሙከራ የመጋለጣቸው መጠን ከ4 እስከ 12 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል።

የጥናቱ ትልቁ ውለታ «ልጁ ምን አጠፋ?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ምን ደረሰበት?» የሚለው መቅደም እንዳለበት በአኃዝ ማስረዳቱ ነው።

ይሁን እንጂ ጉድለቶቹ በዝምታ ሊታለፉ አይገባም። አንደኛ፣ መልስ ሰጪዎቹ የሩቅ ልጅነታቸውን በትዝታ የተናገሩ ጎልማሶች እንጂ ወጣቶች አይደሉም። ሁለተኛ፣ አብዛኞቹ የተማሩና የጤና መድን ያላቸው በመሆናቸው ውጤቱን በድህነት ለሚያድግ ልጅ እንዳለ መውሰድ ያስቸግራል። ሦስተኛውና ዋናው፣ ጥናቱ መከራን የፈለገው በአብዛኛው በቤት ውስጥ ነው፤ ጓደኛና ሠፈር በቆጠራው አልገቡም። በኢትዮጵያ ከተሞች ግን ብዙ ተማሪ ጫትን የሚጀምረው ከጓደኞቹ ጋር፣ ለፈተና ነቅቶ ለማጥናት በሚል ሰበብ ነው። እንዲህ ያለው ተማሪ በቤቱ አንዳች በደል ሳይደርስበት ሊጠመድ ይችላል።

ከዚህም የከፋው የመከራውን ቁጥር ተማሪን ለመለየት መጠቀም ነው። ዶክተር አንዳ ራሳቸው ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ፣ ነጥቡ የሕዝብን ሁኔታ ለማጥናት እንጂ የአንድን ግለሰብ ዕጣ ለመወሰን እንደማያገለግል አስጠንቅቀዋል። «ይህ ልጅ 5 ነጥብ አለው» የተባለለት ተማሪ ሌላ ስም ተለጠፈበት እንጂ አልተረዳም።

ስለዚህ ከጥናቱ የሚወሰደው ትምህርት ሁለት ነው። ጫት ሲቅም የተገኘን ተማሪ ማባረር፣ በቤቱ ለተበደለው ልጅ ምናልባት ብቸኛ መጠጊያው የሆነውን መምህር መንጠቅ መሆኑን ትምህርት ቤቶች ሊያጤኑት ይገባል። ዕቅድ አውጪዎችም በበኩላቸው ቤትን ብቻ ሳይሆን ከትምህርት ቤቱ በር ውጭ ያለውን መንገድ፣ ከዚያም ላይ ያለውን ጫት ቤትና መጠጥ ቤት በዕቅዳቸው ማስገባት ይጠበቅባቸዋል።