አያት በጆንያ

ዘር በመቁጠር የሚያህለን የለም። ጎጃሜው «እስከ ሰባት ቤት» ብሎ ሳይቆጥር ልጁን አይድርም። የኢሉባቦር ኦሮሞ ሽማግሌ ደግሞ ጀበናው እሳት ላይ ወጥቶ እስኪወርድ ድረስ ጎሳውን ከነቅርንጫፉ ዘርዝሮልዎት ያርፋል። በዚህ ኩራታችን ላይ ተቃውሞ የለኝም። ግን እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅ። የአራተኛው አያትዎን ስም ያውቃሉ እንበል፤ ጥሩ። በምን ይተዳደሩ ነበር? ከማን ጋር ተካሰሱ? ስንት ብር ግብር ከፈሉ? ባለቤታቸውስ ማን ይባሉ ነበር? እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ዝም እንላለን። ቆጠራችን የስም ሰንሰለት ነው፤ ያውም የወንድ ስም። ኑሮ የለበትም፤ እናቶች የሉበትም።

ኑሮው የተጻፈው ሌላ ቦታ ነው። የተጻፈውም ማንም በማያከብረው ወረቀት ላይ ነው፦ በግብር ደረሰኝ ጉርድ፣ በወረዳ ፍርድ ቤት ዶሴ፣ በገበሬ ማህበር ደብተር፣ ቴምብር ተለጥፎበት የጣት አሻራ ባረፈበት አቤቱታ። ብራና ከሆነ እናከብራለን። እንዲያውም በ1960ዎቹ አጋማሽ ከአሜሪካ ሚኒሶታ ከመጣ የገዳም ቤተ መጻሕፍት ጋር ሆነን በሺህ የሚቆጠሩ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት በማይክሮፊልም እንዲነሱ አድርገናል። ደግ ተደርጓል። የወረዳ ወረቀት ግን ከብራና ጋር ዝምድና ያለው አይመስለንም። ጊዜው ካለፈ ዕጣው የኦቾሎኒ መጠቅለያ መሆን ነው። እድሜያችሁ የፈቀደላችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ከሱቅ በርበሬ ገዝተን ስንገባ መጠቅለያው ላይ «ለክቡር…» የሚል ደብዳቤ ከነማህተሙ እናነብ ነበር።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚጻፍበትን መዝገብ ሲሰይመው ምን አለው መሰላችሁ? «የክብር መዝገብ»! ከዚያ ወደ መጨረሻው ገደማ፣ ቁጥር 3361 ላይ ሲደርስ፣ ይህ ክፍል ሌላ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ አይሠራም ብሎ ክብሩን መልሶ ወሰደው። ትእዛዙ ሲጠበቅ፣ ሲጠበቅ፣ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ወጣ፤ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ደግሞ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። 56 ዓመት መሆኑ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ተወልዶ የሞተው ገጠሬ መኖሩን የሚመሰክርለት ያው የግብሩና የክሱ ወረቀት ብቻ ነው። ሌሎች አገሮች የቤተሰብ ታሪክ የሚያጠኑት በልደት መዝገብ ነው። እኛ በክስና በግብር እናጠናለን። ለዚህ ነው ስለ ወረዳ ወረቀት መጥፋት ሲወራ ነገሩ እንደ ጽሕፈት ቤት ጉዳይ ሲታይ የሚከነክነኝ።

ሁሩሙን ምሳሌ ላድርጋት። ከበደሌ ተነስታችሁ ወደ መቱ ስትሄዱ ያዩን አልፋችሁ የምታገኟት ከተማ ናት፤ የያዩ የቡና ደን ከሚያካልላቸው ወረዳዎች የአንዷ መቀመጫ። እንግዲህ አንድ የሁሩሙ ሰው የአያቱን ወረቀት ልፈልግ ብሎ ተነሳ እንበል። ከየት ይጀምር? ሁሩሙ ወረዳ የሆነችው ከያዩ ተቆርሳ ስለሆነ መጀመሪያ ያዩ መሄድ አለበት። ያዩ በፊት በአውራጃ ሥር ነበረች፤ አውራጃ ግን ዛሬ የለም። አውራጃው ለጠቅላይ ግዛቱ ነበር የሚጽፈው። የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ደግሞ መቱ ሳትሆን ጎሬ ነበረች። ራስ ተሰማ ናደው የገዙባት፣ ንጉሠ ነገሥቱ በ1928 ዓ.ም. ሲሰደዱ ራስ እምሩ የመንግሥቱን ወንበር የያዙባት፣ እስከ ኅዳር 1929 ዓ.ም. ድረስ ለጣሊያን ሳትገብር የቆየች ጎሬ! በደርግ ዘመን ዋና ከተማነቱ ወደ መቱ ዞረ፤ ጠቅላይ ግዛቱም ክፍለ ሀገር ተባለ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ክፍለ ሀገሩ ራሱ ፈረሰ፤ የጋምቤላ አውራጃ ለጋምቤላ ክልል፣ የሞቻ አውራጃ ለደቡብ (ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ለደቡብ ምዕራብ) ክልል፣ የተረፈው ለኦሮሚያ ሆነ። በ2009 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ቡኖ በደሌ ከኢሉባቦር ተለይቶ ዞን ሆነ።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት የአስተዳደር ታሪክ ለማስተማር አይደለም። መንግሥት ንብረት ሲከፋፈል አይታችሁ ታውቃላችሁ? መኪናው ለማን፣ ወንበሩ ለማን፣ ሠራተኛው ወዴት የሚል ኮሚቴ ይቋቋማል። የመኪና ጎማ በርክክብ ሰነድ ይፈረምበታል። የ1940ዎቹ የግብር መዝገብ ለማን እንደደረሰ ግን የሚጠይቅ አላጋጠመኝም። ወራሽ የሌለው ንብረት ነው። ስለ መዛግብት ስናወራ ጦርነትንና እሳትን እንከሳለን፤ እኔ ግን የወረቀታችን ትልቁ ጠላት «አዲስ አደረጃጀት» የሚባለው ነው እላለሁ። ቢሮ በተዛወረ ቁጥር አንድ ትውልድ ይቀበራል።

ከዚያ ካይዘን መጣ። በ2000ዎቹ ውስጥ በየመሥሪያ ቤቱ አምስቱ «ማ»ዎች ግድግዳ ላይ ተለጠፉ፤ የመጀመሪያዋ «ማጣራት» ናት። ለፋብሪካ ጥሩ ነገር ነው። ለመዝገብ ቤት ግን «የማያስፈልገውን አውጣ» ሲባል የሚያስፈልገውን የሚወስነው ማን ነው? በዚያን ቀን ቢሮ ውስጥ ያለው ሰው ነዋ! ለእሱ ደግሞ የማያስፈልገው ማለት ዘንድሮ ማንም ያልጠየቀው ማለት ነው። ስለ መዛግብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 179 ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ አዲስ አበባ ያለው የቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ተቋምም አለ። ከአዲስ አበባ እስከ ሁሩሙ ግን በጣም ሩቅ ነው።

በዚያ አገር ስዞር ሁሩሙ ላይ ያገኘሁት አንድ መምህር የነገረኝን ልንገራችሁ። ስሙን አልጠራም፤ ስሙ ራሱ ነው ችግሩ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከወሎ በሰፈራ የመጣ ነው፤ ያኔ ሰባት ዓመቱ ነበር። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜን ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲጓጓዝ ኢሉባቦር ብዙውን ከተቀበሉት አንዱ ነበር። ከፊሉ ሰው በነባሩ ገበሬ መካከል ተሰገሰገ፤ ነገሩም «ስግሰጋ» ተባለ። ይህ ልጅ መንገድ ላይ ከእህቱ ጋር ተለያየ። እሷ በሌላ መኪና ተጫነች። እሱን አንድ የሰፈሩ ሰው አሳደጉት፤ ትምህርት ቤት ሲያስገቡትም በራሳቸው ስም አስመዘገቡት። መታወቂያው፣ ዲፕሎማው፣ የልጆቹ ስም ሁሉ በእሳቸው ነው።

«ጋሼ፣ የአባቴን ስም አልረሳሁትም» አለኝ። «የአያቴን ግን አላውቀውም። እህቴን ለመፈለግ ደግሞ አያት ያስፈልጋል። በአባቴ ስም የሚጠራ በአገሩ መቼም ሺህ ነው።»

አንድ ነገር ያስታውሳል። ከመኪና ሲወርዱ ኮት የለበሰ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በትልቅ ደብተር ሲጽፋቸው። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የመጡበት አውራጃ። ያ ደብተር አለ ወይስ የለም? ለዓመታት የጠየቀው ይህንኑ ነው። «አውራጃ ሂድ ይሉኛል፤ አውራጃ የት አለ?» ብሎ ሳቀ።

አብረን አንድ መሥሪያ ቤት ሄድን። የትኛው እንደሆነ፣ የት እንደሆነም አልናገርም፤ እንዲህ ያለው መሥሪያ ቤት ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ወጣት ናት፤ ደግ ልጅ። «አሮጌ ነገር ከሆነ እዚያ ነው አባቴ» ብላ ከጓሮ ያለ ክፍል ከፈተችልን። እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ ጎማ የሌለው ሞተር ብስክሌት፣ ከግድግዳው ሥር የማዳበሪያ ጆንያዎች። አሥር ቆጠርኩ። ውስጣቸው ወረቀት ነው። የኢሉባቦርን ዝናብ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ጎሬ በዓመት ወደ 2 ሺህ ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይዘንባል። ሲሚንቶ ወለል ላይ የተቀመጠ ጆንያ ከሥሩ ይጠጣል። ከታች ያለው ወረቀት ተጋግሮ እንደ ቂጣ ሆኗል።

አንዱን ፈታን። የመሬት ግብር ደረሰኝ ጉርዶች፤ «ለም»፣ «ለም ጠፍ»፣ «ጠፍ» እየተባለ ተመድቦ። የተቀዳደደ የደመወዝ መክፈያ። ከመካከሉ አንድ አቤቱታ ወጣ። ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ የባሏ ወንድም የቡና መሬቷን ስለወሰደባት ዳኛ እንዲያይላት ትለምናለች። ከሥሩ ሐምራዊ የጣት አሻራ አለ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስለ ገጸ ባሕርይ አሳሳል ብዙ ለፍልፌአለሁ፤ አንድ ራፖር ጸሐፊ በግማሽ ገጽ እንዲህ ሰው ሲያቆም ግን ብዙ አላየሁም። የሴትየዋ የልጅ ልጆች ዛሬ በዚያ አገር ይኖሩ ይሆናል። ሽማግሌው ጎሳቸውን ሲቆጥር እሷ አትጠራም። ያለችው ጆንያው ውስጥ ብቻ ነው።

ሠራተኛዋ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና «ይሄን ማንበብ አልችልም» አለች። አልፈረድኩባትም። የተማረችው በቁቤ ነው፤ አማርኛ ማንበብ ብትችልም የዚያ ዘመን ጸሐፊ እጅ ለእኔም አስቸግሮኛል። ነገሩ ከዚህም ይጠልቃል። ጸሐፊው የኦሮሞውን ስም የሚጽፈው ጆሮው እንደሰማው ነው። «ዹጋሳ»ን «ዱጋሳ» ብሎታል። ክርስትና የተነሳውን ሰው በቤት ስሙ ሳይሆን በክርስትና ስሙ መዝግቦታል። ስለዚህ የዛሬው ልጅ አያቱን በኮምፒዩተር በቁቤ ቢፈልገው አያገኘውም፤ አያቱ እዚያው እያለ።

እዚህ ላይ የሚቀርብ አንድ ተቃውሞ አለ፤ መቱ ላይ አንድ ወጣት ፊት ለፊት ነግሮኛል። «እነዚህ መዝገቦች የገዢ መዝገቦች ናቸው። ባለመሬቱን እንጂ ጭሰኛውን አይጽፉም። ቢጠፉስ?» አለኝ። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። የግብር መዝገቡ የሚያውቀው ግብር ከፋዩን ነው፤ እስከ የካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ድረስ መሬት ያልነበረው ሰው እዚያ መዝገብ ላይ የለም። ፍርድ ቤቱ ዶሴ ላይ ግን አለ። ጭሰኛው ተከስሶ ወይም ከስሶ፣ ተገርፌአለሁ፣ ተነቅያለሁ ብሎ አሻራውን ያሳረፈው እዚያ ነው። መዝገቡ ከጠፋ የሚጠፋው የገዢው ታሪክ አይደለም፤ የገዢውን ሌሎች መጻሕፍትም ይጽፉታል። የሚጠፋው አቤቱታው ነው።

ፈረንጅ ጋ ሁሉ ነገር ተጠብቋል ብላችሁ አታስቡ። አይርላንዶች እ.ኤ.አ. በ1922 በእርስ በርስ ጦርነታቸው የደብሊን መዝገብ ቤታቸው ሲቃጠል የዘመናት ወረቀት አጥተዋል። ከዚያም በፊት የ1881 እና የ1891 የሕዝብ ቆጠራ ቅጾቻቸውን ራሱ መንግሥት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወረቀት ሲቸግረው ፈጭቷቸዋል፤ ከበርበሬ መጠቅለያችን ብዙ አይርቅም። አሜሪካኖችም የ1890 ቆጠራቸው በ1921 በእሳት ከተጎዳ በኋላ የተረፈውን ራሳቸው አስወገዱት፤ የቤተሰብ ታሪክ ፈላጊዎቻቸው እስከ ዛሬ ያዝናሉ። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አይርላንዶች መቶኛ ዓመቱ ሲደርስ፣ በ2022፣ የተቃጠለውን በሌላ አገርና በሌላ መሥሪያ ቤት ከተገኙ ቅጂዎች እየለቀሙ በኮምፒዩተር ገንብተው ለሕዝብ ከፈቱት።

ቅጂ ደግሞ የእኛ መሥሪያ ቤት የማይታማበት ነገር ነው! ከደብዳቤያችን ሥር «ግልባጭ» የማይል የት አለ? ከጎሬ የወጣ ደብዳቤ ግልባጩ ለአገር ግዛት ሚኒስቴር፣ ግልባጩ ለአውራጃው፣ ግልባጩ ለሚመለከተው ሁሉ ነው። የሰፈራ ዝርዝርም ለአንድ ቢሮ ብቻ ተጽፎ ቀረ ብዬ ማመን ይከብደኛል። ስንቀልድበት የኖርነው ግልባጭ አንድ ቀን ሰው ከእህቱ ጋር ያገናኝ ይሆናል።

ጉዳዩ የሰፋሪ ብቻም አይደለም። የውጭ ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. እስኪከለከል ድረስ ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15 ሺህ በላይ ልጆች ሄደዋል። አሁን አድገዋል፤ ወላጅ ፍለጋ እየመጡ ነው። የሚያንኳኩት በር የወረዳና የቀበሌ ነው። ምን እንሰጣቸዋለን? ጆንያ?

ይህን ሳወራ «ዲጂታል እናደርገዋለን፤ በጀት እየተጠበቀ ነው» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ምስጥ በጀት አይጠብቅም። ጆንያውን ከሲሚንቶው ላይ አንስቶ ሁለት እንጨት ማንጠፍ በጀት አይጠይቅም። ምን ምን እንዳለ በአንድ ደብተር መመዝገብም እንዲሁ። ልጅቷ እጅ ላይ ካሜራ ያለው ስልክ አለ። በየከተማው ደግሞ በጡረታ የተገለሉ የመዝገብ ቤት ሠራተኞች አሉ፤ ያንን የእጅ ጽሑፍ እንደ ውሃ የሚያነቡ፣ የትኛው ዶሴ በየትኛው ጊዜ ወደ የት እንደሄደ በቃላቸው የሚያውቁ። እነሱም ወረቀቱም አብረው እያረጁ ነው። አንዱን ሽማግሌ ከልጅቷ አጠገብ ማስቀመጥ ነው፤ እሱ በአማርኛ ያንብብ፣ እሷ ስሙን በፊደልም በቁቤም ትጻፍ።

መምህሩ ይህን አልጠበቀም። የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊ አስፈቅዶ ከትምህርት ሰዓት ውጭ እየሄደ ጆንያ ይፈታል። የሚያገኘውን ሁሉ በዓመተ ምህረት እየለየ በካርቶን ያስቀምጣል፤ የራሱን ጉዳይ ብቻ መርጦ አያወጣም። ባለፈው ስደውልለት አራተኛውን ጨርሶ ነበር። የ1977 ዓ.ም. ወረቀት ማግኘት ጀምሯል፤ የማዳበሪያ ዕዳ ዝርዝር ነው። «እንግዲህ ቀርቤአለሁ ጋሼ» አለኝ። ስድስት ጆንያ ይቀረዋል፤ ክረምቱም ገብቷል።