ስለ ሲንክሌር «ስፔክትረም»፤ የማስታወቂያው ቃልና የመሣሪያው ችሎታ

አዲስ የቤት ኮምፒዩተር መውጣቱ በተነገረ ቁጥር ችሎታው በዝርዝር ይቀርባል፤ ቀለሙ ይህን ያህል፥ ነጥቡ ይህን ያህል፥ ሜሞሪው ይህን ያህል እየተባለ። አንባቢውም ዝርዝሩን ደምሮ መሣሪያውን ያወቀው ይመስለዋል። እኛ ግን እንዲህ ያለው ድምር የሚያሳስት መሆኑን ለማስረዳት፥ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 23 ቀን 1982 በእንግሊዝ አገር ይፋ የሆነውን «ዜድ ኤክስ ስፔክትረም» መርጠናል። የመረጥንበትም ምክንያት የውስጥ አሠራሩ እስከ መጨረሻው ባይት ድረስ የታወቀ ስለሆነ፥ ክርክራችን በሒሳብ ላይ እንዲቆም ብለን ነው።

ዋጋው ሲወጣ ባለ 16 ኪሎባይቱ 125 ፓውንድ፥ ባለ 48ቱ 175 ፓውንድ ነበረ። በዚያው ዓመት ተወዳዳሪው «ቢ ቢ ሲ ማይክሮ» በባለ 32 ኪሎባይት ዓይነቱ 399 ፓውንድ ይሸጥ ነበርና ርካሽነቱን የሚክድ የለም። ማስታወቂያው 8 ቀለም እንዳለው፥ ደግሞም እያንዳንዱ ለብቻው የሚታዘዝ 256 በ192 ነጥብ እንዳለው ይገልጽ ነበር። አንደኛው እውነት ነው፤ ሁለተኛውም እውነት ነው። ሁለቱ በአንድነት ሲወሰዱ ግን እውነት አይደሉም።

ነገሩ እንዲህ ነው። 256 በ192 ሲባዛ 49,152 ነጥብ ይሆናል። ነጥቡ መብራቱንና መጥፋቱን ብቻ ለመመዝገብ ለእያንዳንዱ 1 ቢት ይበቃል፤ ጠቅላላው 6,144 ባይት ነው። ለእያንዳንዱ ነጥብ ከ8ቱ ቀለሞች አንዱን ለመስጠት ግን 3 ቢት፥ ይኸውም በጠቅላላው 18,432 ባይት ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ የትንሹ ዓይነት ሙሉ ሜሞሪ ከሆነው ከ16,384 ባይት ይበልጣል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ቀለሙን ለነጥብ መስጠቱን ትተው፥ 8 በ8 ነጥብ ለሚይዝ ካሬ ሰጡት፤ በአንድ ካሬ ውስጥም ከሁለት ቀለም በላይ አይፈቀድም። ካሬዎቹ 768 ስለሆኑ ለቀለም የወጣው 768 ባይት ብቻ ነው። ቁጠባው የሚደነቅ ነው፤ እኛም ያለ ንፍገት እናደንቀዋለን። ነገር ግን በጥቁር መደብ ላይ ቀይ ሰው በአረንጓዴ ዛፍ ፊት ሲያልፍ፥ ወይ ዛፉ ይቀላል፥ ወይ ሰውዬው ይለመልማል። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው «ናይት ሎር» የተባለ ጨዋታ ከዚህ ችግር ያመለጠው እያንዳንዱን ክፍል በጥቁር መደብ ላይ በአንድ ቀለም ብቻ በመሣል ነበር፤ ማለት ነጥቡን ለማዳን ቀለሙን ሠዋ።

የድምፁም ጉዳይ ከዚሁ አይርቅም። የተለየ የድምፅ ክፍል ስላልነበረው ፕሮሰሰሩ ራሱ ትንሹን ድምፅ ማጉያ እያርገበገበ ያሰማ ነበር። በቤዚክ ቋንቋ «ቢፕ» የሚለው ትእዛዝ እስኪፈጸም ድረስ ፕሮግራሙ ቀጥ ይላል። ዜማ አለው፥ እንቅስቃሴም አለው፤ እያዜሙ መራመድ ግን የብልኅ ፕሮግራም ጸሐፊ ሥራ ነው። ሜሞሪውም ቢሆን 16 ኪሎባይት ከተባለው ላይ 6,912 ባይት ለስክሪኑ ሲነሣ የሚቀረው 9,472 ነው፤ ከዚህም ላይ መሣሪያው ለራሱ መዝገብ የሚወስደው አለ።

የላስቲክ ቁልፎቹን ሁሉም ስለ ዘለፋቸው እኛ አንደግምም። እንዲያውም «ፒ» የሚለው ቁልፍ አንዴ ሲነካ «ፕሪንት» የሚለው ቃል በሙሉ መጻፉ፥ መተየብ ላልለመደ ጀማሪ ትልቅ እርዳታ ነው እንላለን።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «በዚህ ዋጋ ከዚህ የበለጠ ምን ትፈልጋላችሁ?» ብለው ይሞግቱን ይሆናል። ወቀሳችን በዋጋው ላይ አይደለም፤ በመሐንዲሶቹም ላይ አይደለም። ወቀሳችን እያንዳንዱን ችሎታ ለየብቻው ቆጥሮ፥ አንዱ ሲሠራ ሌላው ምን እንደሚያጣ በማይናገረው አቀራረብ ላይ ነው። ገዢው ይህን የሚያውቀው ገንዘቡን ከፍሎ፥ ቤቱ ወስዶ፥ መሣል ሲጀምር ነው።

ይህም ያረጀ ታሪክ ብቻ አይምሰል። ከ38 ዓመት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ2020፥ እንደ ስፔክትረም ሙሉ ኮምፒዩተሩን በኪቦርዱ ውስጥ የያዘው «ራስበሪ ፓይ 400» በ70 ዶላር ወጣ። ሁለት የስክሪን መሰኪያ አለው፤ የ4ኬ ምስልም በሰከንድ እስከ 60 ጊዜ ያድሳል። ሁለት የ4ኬ ስክሪን ሲሰካበት ግን ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 30 ነው።